በይፋት ምድር ቅርስ ያገኘ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላማ ቀበሌዎች የቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ማሳ ሲታረስ ወይም መንገድ ሲጠረግ የጥንት ግንብ፣ ጽሑፍ ያለበት የመቃብር ድንጋይ ወይም የሸክላ ስባሪ ሊገኝ ይችላል። ይህ ማብራሪያ እንዲህ ያለ ግኝት የሚያጋጥመው ሰው ግዴታውንና መብቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ይፋት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች መንግሥት መቀመጫ የነበረና ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ የሚያልፍበት ምድር ነው። ተመራማሪዎች ከዚያ ዘመን የቀሩትን እንደ ኖራ፣ አስበሪና መሳል ያሉ ከተሞች ፍርስራሽ ያጠኑ ሲሆን፣ በድንጋይ የተገነቡ መስጊዶች፣ የመኖሪያ ቤቶችና የመቃብር ስፍራዎች ተገኝተዋል።

የመሬት ቁፋሮ ጥናት ዋና ዓላማ ዕቃ መሰብሰብ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘ መመዝገብ ነው። ለምሳሌ ከወለል ሥር የተገኘ ሳንቲም ወለሉ መቼ እንደተነጠፈ ፍንጭ ይሰጣል። ከቦታው ከተነሣ በኋላ ግን ይህን ማስረዳት አይችልም። ከፈረሰ መስጊድ ተነቅሎ ለአጥር የዋለ ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ የጠፋው መረጃ በኋላ በምንም ወጪ አይተካም።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፦

1. ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር የተከለከለ ነው።

2. በእርሻ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ወይም በማዕድን ሥራ ላይ ሳለ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ድረስ ቅርሱን ባለበት ሁኔታ መጠበቅ አለበት።

3. ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ አግኚው ሁኔታውን በዝርዝር ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ በማስታወቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል።

4. ግኝቱን በአግባቡ ያስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት ይሰጠዋል፤ ያወጣው ወጪ ካለም ይተካለታል።

ስለዚህ ግኝት ያጋጠመው ሰው ሥራውን በቦታው አቁሞ፣ ዕቃውን ሳያነሣና ሳያጥብ፣ ከተቻለ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በአቅራቢያው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያመለክት ይመከራል። ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያደርስለት መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻው በጽሑፍ ቢሆንና ቀን ቢኖረው የስድስት ወሩን ጊዜ ለማስላት ይረዳል።