«ቀላል ናት፣ ብቻዬን አስገባታለሁ»

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሳይወጣ አንድ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ደወሉልኝ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ የሚያበር ሰው ብዙ አይደለም። እሳቸው አርቪ-9ኤ የምትባለዋን ባለሁለት ወንበር አውሮፕላን ጋራዣቸው ውስጥ ሪቬት በሪቬት ገጥመው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ አየር ማረፊያ እየተነሱ ይበሩባታል። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ ስንት ኪሎ የሚስብ ዊንች ልግዛ?»

«ምን ገጠመዎት ጋሼ?» ብላቸው፣ ብቻቸውን ወደ ሃንጋር ሲያስገቧት የቀኝ ክንፏ ጫፍ የበሩን ቋሚ መምታቱን ነገሩኝ። «ጉልበቴ ከዳኝ» አሉ።

ሄጄ አየኋት። የክንፉ ጫፍ ፋይበር ተሰንጥቋል፤ የኤሌሮኑ ውጨኛ ማጠፊያም ከቦታው ትንሽ ተዛንፏል። የጉልበት ማነስ ግን የትም ቦታ አልታየኝም። ጉልበት ያነሰው ሰው አውሮፕላኑ ከደጅ ይቀርበታል እንጂ ቋሚ አይመታበትም። የወለሉ አቧራ የጎማዎቹን መንገድ ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር፤ ገና ከበሩ ስትገባ ጠማማ ነበረች፣ እየገባችም አልተቃናችም። ከበሩ ሳንቃዎች አንዱ ዝጎ ስለማይንቀሳቀስ ደግሞ በየጎኗ የቀራት ክፍተት ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አሳየኋቸው፤ በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ ስንት ኪሎ ይበቃል?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ሰልችቶኛል። ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ የትንሽ አውሮፕላን ባለቤት ከሁለት አንዱን ይለኛል። ወጣቱ «ቀላል ናት እኮ፣ ብቻዬን አስገባታለሁ» ይላል። ሸምገል ያለው ደግሞ «አርጅቻለሁ፣ የሚገፋልኝ ማሽን ፈልግልኝ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ክንድ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አርቪ-9ኤ ባዶዋን 480 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ነዳጅ ሲጨመርባት ከ500 ታልፋለች። ጎማዋ በደንብ ከተነፋ፣ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ እሷን ለማንከባለል የሚያስፈልገው ከክብደቷ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። ልጅ ይገፋታል። (ከበደችኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ጎማውን ይንፋ።) አደጋውም ያለው እዚሁ ቅለቷ ውስጥ ነው። 500 ኪሎ የምትመዝን ነገር በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ በሰከንድ 1 ሜትር እየሄደች በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ላቁማት ቢሉ 250 ኪሎ ያህል ኃይል ትጠይቃለች። ለማስነሳት 10 ኪሎ የበቃት አውሮፕላን ለማቆም 250 ትፈልጋለች። አውሮፕላን ስለመግፋት የሚጠይቀኝ ሞልቷል፤ ስለማቆም የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ጉልበት በእውነት የሚፈተነው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ደጃፉ ላይ። በብዙ ሃንጋሮች የበሩ ሐዲድ ወይም የሲሚንቶው ጠርዝ ከውጭው መሬት ከፍ ይላል። የአርቪ ዋና ጎማ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ዲያሜትር አለው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ጠርዝ ከቆመበት ተነስቶ ለመውጣት፣ ጎማው ላይ ካረፈው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆን አግድም ግፊት ይፈልጋል። ጎማው በመለመጡ የሚቀነስ ነገር ቢኖርም፣ ሁለቱ ዋና ጎማዎች በአንድ ጊዜ ሲሞክሩት ሒሳቡ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን በክንድ የሚያደርገው ሰው የለም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? ወደ ኋላ ፈቀቅ ተብሎ፣ ተንደርድሮ ይገፋል! አውሮፕላኗ ጠርዙን ዘልላ ስትገባ ውስጥ የሚቀበላት የለም፣ ፍሬን የሚይዝላት የለም፤ ገፊውም ሚዛኑን ስቶ ይከተላታል። ለዚህ ያለው መድኃኒት 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከመሬት እኩል ተነስቶ ጠርዙ ላይ የሚያልቅ የጣውላ ወይም የወፍራም ላሜራ ተዳፋት ነው። በእሱ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 20 ኪሎ ይወርዳል። ብዙ ሰው ግን ለተዳፋቱ የግማሽ ቀን ሥራ ሰስቶ ለዊንች ብዙ መቶ ዶላር ያወጣል።

የአውሮፕላን ጥገና ሙያን የተማርኩት ኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ቦሌ፣ ክንፉ ከ35 ሜትር በላይ የሚዘረጋ 737 ወደ ሃንጋር ሲገባ አንዱ ትራክተሩን ይነዳል፤ አንዱ ኮክፒት ውስጥ ፍሬን ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ከክንፎቹ ጫፍ ሥር እያዩ ይሄዳሉ፤ አምስተኛው ጭራውን ይጠብቃል። ከአምስቱ ሰዎች የመግፋት ሥራ የተሰጠው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን የሚገፋለት ሞተር ነው። የቀሩት አራቱ ሦስት ተመልካችና አንድ ፍሬን ናቸው። እንግዲህ ትንሿን አውሮፕላን ብቻውን የሚያስገባ ሰው የጎደለው ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ገፊው አለ፤ እሱ ራሱ ነው። የሌሉት ሦስቱ ተመልካቾችና ፍሬኑ ናቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱን አስወርዶ «ና! ና! ና! በቃ!» የሚያስብለው መሪ ማዞር አቅቶት ነው?

ብቻውን የሚገፋው ሰው የት እንደሚቆም አስቡት። መጎተቻውን ዘንግ ከፊት ጎማው ጋር አያይዞ፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ ሆኖ በጭራዋ ወደ ውስጥ ይገፋታል። ከፊቱ የሞተሩ ሽፋንና ካኖፒው አሉ። ጭራው ከእነሱ ጀርባ ስለሆነ አያየውም። የክንፎቹን የፊት ጠርዝ ያያል፤ ቀድሞ በሩን የሚያልፈው ግን የኋላው ጠርዝ ነው፣ ኤሌሮኑ ያለውም እዚያ ነው። ግራውን ሲያይ ቀኙ ያመልጠዋል። በዚያ ላይ የአርቪ-9ኤ የፊት ጎማ እንደ ልቡ የሚዞር ነው፤ ከኋላ የሚመራ ነገር ደግሞ ትንሿን ስህተት እያሰፋ ይሄዳል። 5 ዲግሪ ብቻ ጠማማ ሆና 6 ሜትር ብትገባ ከመስመሯ ግማሽ ሜትር ትወጣለች። የእኚያ ሰው ክፍተት ያለቀው እንዲህ ነው።

የጠፉትን ተመልካቾች ወለሉ ይተካቸዋል። ጓደኞቻችሁን አንድ ቀን ጥሩና አውሮፕላኗን ማደሪያዋ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጡ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ጭራ ላይ ይቁም። ከዚያ ከጭራው ማሰሪያ ቀለበት ቱንቢ አውርዱና ያረፈበትን ነጥብ አክብቡት። የፊት ጎማው ያረፈበትንም ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መካከል ሲባጎ ወጥራችሁ፣ በሩን አልፎ ውጭው አስፋልት ድረስ እስኪደርስ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ከውጭ ስትነሱ የፊት ጎማውና ጭራው መስመሩ ላይ ካልሆኑ አትግፉ፤ ውጭ ላይ ያልተቃናች አውሮፕላን ውስጥ አትቃናም። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ፣ ለዋናዎቹ ጎማዎች ግራና ቀኝ አንግል ብረት ወለሉ ላይ በብሎን እሰሩ፤ የጎማው ሽፋን እንዳይነካው ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የጎደለውን ፍሬን ደግሞ ዋናዎቹ ጎማዎች መቆም ካለባቸው ቦታ ኋላ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ወፍራም አጣና ይተካዋል። ደጁ ተዳፋት ከሆነ፣ ገመድ የታሰረበት የጎማ ታኮ ከእጃችሁ አይራቅ። ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

እጅ የት ይረፍ የሚለውን ሁሉም አውቃለሁ ይላል፤ ግን በየጊዜው የምጠግነው እሱኑ ነው። የአፍንጫዋን ጎማ አንስቶ ለማዞር ሲባል አግድሙን የጭራ ክንፍ ወደ ታች የሚጫኑ አሉ። ላሜራው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ውስጥ ያለው ዋና ተሸካሚ፣ ስፓሩ፣ ግን የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ራደርና ኤሌቬተር እጀታ አይደሉም። ፕሮፔለር መጎተት ግድ ቢሆን እንኳ ከመሐሉ አጠገብ እንጂ ከጫፉ አይያዝም። ከዚያም በላይ ቁልፉ ስለጠፋ ሞተሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ የሚጠፋው በአንዲት ሽቦ በኩል ከመሬት ጋር ሲገናኝ ነው፤ ያቺ ሽቦ ከተበጠሰች ማግኔቶው ሕያው ነው፣ በእጅ የዞረ ፕሮፔለርም ሊነሳ ይችላል። ቤት በተሠራ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ያቺን ሽቦ የዘረጋው ባለቤቱ ራሱ ነው። ስለ መጎተቻው ዘንግ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ቀይ ቀለም ቀቡት፣ እጃችሁም ሲለቀው ከጎማው ይፈታ። ዘንጉ ሳይፈታ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ዛሬም አለ። ፕሮፔለር ነገር ከመታ ደግሞ የሞተሩ አምራች ላይኮሚንግ ሞተሩ ተፈትቶ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ ሒሳቡ የሚያስደነግጥ ነው።

ሁሉም አውሮፕላን አንድ አይደለም። በርት ሩታን የነደፋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1979 የበረረችው ሎንግ-ኢዚ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ፣ አብራሪው ሲወርድ በጀርባዋ እንዳትወድቅ የፊት ጎማዋ ታጥፎ በአፍንጫዋ ትንበረከካለች። እሷን ብቻውን የሚያንቀሳቅስ ሰው አንድ እጁ ሁልጊዜ አፍንጫዋ ላይ ነው። ባለ ጭራ ጎማዎቹም የራሳቸው አመል አላቸው። የተመልካቹና የፍሬኑ ጉድለት ግን በሁሉም ላይ ያው ነው።

አንዳንዴ ብቻውን የሚገፋው ሰው ነገር ኩራት ይመስለኛል። የአሜሪካ ሕግ ቤት የሚሠሩ አውሮፕላኖች ከግማሽ በላይ በአማተር እጅ እንዲሠሩ ያዛል፤ ዋናው ሠሪ ሲያመለክትም በየዓመቱ ራሱ እንዲመረምራት ፈቃድ ይሰጠዋል። ለዓመታት ብቻውን ሪቬት ሲመታ የኖረ ሰው ለአምስት ደቂቃ ሥራ ጎረቤት መጥራት ያሳፍረዋል። የዚህ አገር አየር ማረፊያ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ፈትቶ ቡና በሚጠጣ አብራሪ የተሞላ ነው፤ «ክንፌን እይልኝ» ቢባል እምቢ የሚል አይቼ አላውቅም።

ወደ ዊንቹ ልመለስ፤ ዊንች እኔም እወዳለሁ። የምወደው ግን ሰዎች በሚገዙበት ምክንያት አይደለም። በጭራዋ ቀለበት ከፊት የምትሳብ አውሮፕላን ከኋላ ከምትገፋው ይልቅ መስመሯን ትይዛለች፤ ይህ አንድ ጥቅሙ ነው። ትልቁ ጥቅም ግን እግራችሁን ነፃ ማውጣቱ ነው። ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ የያዘ ሰው ፕሮፔለሩ አጠገብ መቆሙን ትቶ ጠባቡ ክንፍ ሥር መሄድ ይችላል፤ ከጠፉት ተመልካቾች አንዱ ተመለሰ ማለት ነው። ማብሪያው ኋለኛው ግድግዳ ላይ የተተከለ ዊንች ግን ባለቤቱን ከማንኛውም ቦታ የባሰ እውር ጥግ ላይ ያስቆመዋል።

ኪሎውን በተመለከተ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው። የሰው እጅ ክንፉ አንድ ነገር ሲነካ ይሰማዋል፣ ይቆማል። ዊንች አይሰማውም። ተዳፋቱ ከተሠራ 20 እና 30 ኪሎ ለሚበቃት አውሮፕላን 1,000 ኪሎ የሚስብ ዊንች የሰቀለ ሰው፣ ጭረት ሆኖ ሊቀር የሚችለውን ነገር እስከ ስፓሩ ድረስ የሚያጣምም ማሽን ገዝቷል። ለእኚያ አባት የሰጠኋቸው መልስ «ካገኙት ሁሉ ደካማውን» የሚል ነበር፤ የቀለድኩባቸው መስሏቸው ተቀየሙኝ።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ ዝግ ብሎ የሚስበውን፣ ጣታችሁ ማብሪያውን ሲለቅ ወዲያው የሚቆመውንና መቆጣጠሪያው ገመድ አልባ የሆነውን ምረጡ። የመሳብ አቅሙን ሻጩ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ እናንተ ስንት ሜትር ርቆ እንደሚታዘዝ ጠይቁት።