ዝነኛው መኪና ገዢውን ሲያሳዝን

«ክላሲክ» የሚባለው መኪና በዕድሜው ብቻ የሚለይ አይደለም፤ ከተሠራ ብዙ ዓመታት አልፈውትም በቅርጹ፣ በአሠራሩ ወይም በታሪኩ ምክንያት ሰው የሚመኘው፣ ከተራ አሮጌ መኪናም የላቀ ዋጋ የሚሰጠው ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ለዓመታት የተመኘ ሰው ምኞቱ በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ቅር ብሎት ከጋራዥ ጋራዥ ሲመላለስ ማየት ግን በጥገና ሙያ ውስጥ የተለመደ ነው። ቅሬታው ብዙ መልክ አለው፤ ሞተሩ ይግላል፣ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም፣ ማርሹ እየጮኸ ይገባል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ባለሙያው ምንጩን ሲመረምር እነዚህ ሁሉ ቅሬታዎች ከሦስት ቦታ እንደሚመጡ ይረዳል፤ አንደኛው መኪናው ሲነደፍ አብሮት የተወለደ ጉድለት፣ ሁለተኛው ዕድሜ ያመጣበት ድካም፣ ሦስተኛው ደግሞ በየጊዜው የነካካው እጅ ያደረሰበት ጉዳት ነው። አብሮት የተወለደው ጉድለት አውቀው የሚቀበሉት ወይም አውቀው የሚሸሹት ሲሆን፣ ዕድሜ ያመጣው በገንዘብ፣ እጅ ያደረሰው ደግሞ በዕውቀትና በትዕግሥት ይድናል። ገዢውን ከሁሉ የሚጎዳው ሦስቱን ማምታታት ነው፤ የተፈጥሮውን ጉድለት አድናለሁ ብሎ ገንዘቡን የሚጨርስ አለ፣ በአንድ ቀን ሥራ የሚስተካከለውን ብልሽት ደግሞ «የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው» ብሎ ተሸክሞት የሚኖር አለ።

አብሮ ለተወለደ ጉድለት ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የእንግሊዙ ጃጓር ኢ-ታይፕ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ መኪና በ1961 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ሲቀርብ ባለ 3.8 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ 265 የፈረስ ጉልበት እንዳለው የተነገረለት፣ በአራቱም ጎማዎቹ የዲስክ ፍሬን የተገጠመለት፣ ዋጋውም በአገሩ ከ2,000 ፓውንድ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ስለነበር በዘመኑ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኢ-ታይፖች ካምቢዮ ግን በአንደኛ ማርሹ ላይ ሲንክሮናይዘር አልነበረውም፤ ሲንክሮናይዘር በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ የማርሽ ጥርሶች ከመገጣጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት ነው። በዚህ ምክንያት ማርሽ መቀየር ጊዜና ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር፤ የፍሬኑ አጋዥም ደካማ ስለነበር መኪናውን ለማቆም የእግር ጉልበት ያስፈልግ ነበር፤ ረጅም ሰው ደግሞ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረውም። ፋብሪካው ራሱ በ1964 ሞተሩን ወደ 4.2 ሊትር ሲያሳድግ ካምቢዮውን፣ ወንበሩንና የፍሬኑን አጋዥ በአዲስ መተካቱ ቅሬታው እውነተኛ እንደነበር ያሳያል። ይሁን እንጂ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይበልጥ የሚፈለጉትና የሚወደዱት የመጀመሪያዎቹ ስለሆኑ፣ ከፍተኛውን ዋጋ የከፈለው ገዢ ለመንዳት ይበልጥ የሚያስቸግረውን መኪና ይዞ ይገኛል። የክላሲክ መኪና ዋጋ የሚተመነው በብርቅነቱ እንጂ በምቾቱ አለመሆኑን ያልተረዳ ሰው ቅሬታው የሚጀምረው ገና ቁልፉን ሲረከብ ነው።

የዲሎሪያን ታሪክ ደግሞ ቅርጽ የገባውን ቃል ሞተር ሳይፈጽመው ሲቀር የሚሆነውን ያስተምራል። በሰሜን አየርላንድ፣ ከቤልፋስት አጠገብ በምትገኘው ደንሙሪ ከ1981 ጀምሮ የተመረተው ይህ መኪና ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፈው፣ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱ፣ አካሉም ቀለም ባልተቀባ የማይዝግ ብረት የተሸፈነ ነው። ኩባንያው በ1982 ከስሮ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የተሠሩት 9,000 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በ1985 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም መኪናውን የጊዜ ተጓዥ አድርጎ ስላሳየው ዝናው ከፋብሪካው ዕድሜ በእጅጉ ረዘመ። ነገር ግን የእሽቅድምድም መኪና የሚመስለው ይህ መኪና ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ የነበረው ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ሞተሩም ከኋላ በመሆኑ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። የማይዝገው ብረት እንኳ ከጥቅሙ ጋር ችግር አለው፤ ተራ ላሜራ ሲጎደጉድ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ሲቀባ ጉዳቱ ይሸፈናል፣ ቀለም የሌለው ብረት ግን ምንም ነገር አይደብቅም። ይህን መኪና እንደ ታሪክ ቅርስ የገዛው ሰው ሲደሰት፣ ለፍጥነት ብሎ የገዛው ያዝናል፤ ሁለቱ የገዙት ግን አንድ ዓይነት መኪና ነው።

የተለያዩ የቅሬታ ምንጮች በአንድ መኪና ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ከ1970 እስከ 1977 ድረስ 25,877 ያህል የተሠሩለትን ትራያምፍ ስታግ መመልከት ይበቃል። ጆቫኒ ሚኬሎቲ የነደፈው ይህ ጣሪያው የሚነሳ ባለ አራት መቀመጫ መኪና ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 2,997 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ሲሆን የመጋል ስሙ ከውበቱ ቀድሞ ይነሳል። የንድፍ ጉድለቱ የውኃ ፓምፑ በሞተሩ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው፤ የራዲያተር ውኃ ጥቂት ሲጎድል ፓምፑ የሚገፋው ውኃ ያጣና ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውና ቫልቮቹን የሚይዘው ክፍል፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን ያረፈበት የሞተሩ አካል ግን ብረት በመሆኑ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ በዚህም ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። በማምረቻው በኩል ደግሞ ብረቱ ሲቀለጥ የተሠራበት የቅርጽ አሸዋ በውኃው መተላለፊያ ውስጥ ቀርቶ ራዲያተሩን የሚደፍንባቸው ሞተሮች ነበሩ። በዚህ ላይ ዝገት የሚከላከለውን ፈሳሽ ትተው ተራ ውኃ የሚሞሉ እጆች ሲጨመሩ ጥፋቱ ይሞላል። ዛሬ የውኃ መተላለፊያው በሚገባ የታጠበለት፣ ራዲያተሩ የታደሰለት፣ ትክክለኛው ፈሳሽ የተሞላለት ስታግ ያለ ችግር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ይህም «ክፉ መኪና» የሚለው ስም በአብዛኛው የመጣው ከንድፉ ብቻ ሳይሆን ንድፉን ካልተረዳው እንክብካቤ ጭምር እንደሆነ ይመሰክራል።

ለአዲስ አበባ ባለሙያ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የዕለት ተዕለት ትምህርት ቤቱ ቮልስዋገን ቢትል፣ በከተማዋ አጠራር በአጭሩ ቮልስዋገን፣ ነው። እስከ ጁላይ 30 ቀን 2003 ድረስ፣ የመጨረሻው በሜክሲኮዋ ፑዌብላ እስኪሠራ፣ 21,529,464 የተመረቱለት ይህ መኪና በአውሮፓ የእሑድ መዝናኛ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዛሬም ሥራ የሚያደርስና ልጆች ትምህርት ቤት የሚወስድ ነው። በወላጁ መኪና ትዝታ ወይም በመልኩ ፍቅር ተስቦ የገዛው ወጣት ግን በአብዛኛው «ጉልበት የለውም» ብሎ ይመጣል። ለዚህ ቅሬታ የመጀመሪያው መልስ ያለው መኪናው ላይ ሳይሆን ከተማዋ የተቀመጠችበት ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሞተር የሚሠራው ቤንዚን ከአየር ጋር አቃጥሎ በመሆኑ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1300 ሲሲ ቮልስዋገን በዚህ ከተማ 30 ገደማ ይዞ ነው ዳገት የሚወጣው። በተጨማሪም የካርቡራተሩ የቤንዚን ቀዳዳ ለባሕር ዳርቻ አየር የተለካ ከሆነ በሳሳው አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። በኮምፒዩተር የሚመራ ዘመናዊ ሞተር የሚገባውን አየር እየለካ ቤንዚኑን ስለሚያስተካክል ይህን ጉድለት ነጂው አይሰማውም፤ ካርቡራተሩን ግን ሰው ነው ማስተካከል ያለበት። ከፍታው የወሰደውን ጉልበት የሚመልስ መካኒክ የለም፣ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ለከተማዋ አየር አለማስተካከል ግን የእጅ ጥፋት ነው።

የቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ሲደርስ ስለሚፈላ የራዲያተር አለመኖሩ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ማቀዝቀዣም የራሱን ዕውቀት ይፈልጋል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ መሸፈኛዎችና በጠርዛቸው የሚዞረው ጎማ ከላይ የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ከሚወጣው ትኩስ አየር የሚለዩ ናቸው፤ ሞተሩ ሲወርድ ተፈትተው «አያስፈልጉም» ተብለው ጥግ ላይ ከቀሩ ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ሦስተኛውን ሲሊንደር ከሚያቀዘቅዘው አየር ፊት ለፊት ስለተቀመጠ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል፤ ፋብሪካው ይህን ያሻሻለው በ1971 ሞዴሎች ላይ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን ዘይቱ የሚጣራው በወንፊት እንጂ በዘመናዊ ፊልትሮ አይደለም፤ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ቀይሮ የቫልቮቹን ክፍተት ያልለካ ባለቤት ሞተሩ ሲሞትበት ዕድሜውን ሊወቅስ አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት የቤንዚን ቱቦው ነው፤ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር መቀላቀል በአዲስ አበባ በ2008 ሲጀመር ለአሮጌ የጎማ ቱቦዎች አዲስ ጠላት ተፈጥሯል፣ በጋለ ሞተር ላይ የሚያልፍ የተሰነጠቀ ቱቦ ደግሞ መኪናውን በሙሉ ሊያቃጥል ይችላል። የዚህ ቱቦ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የመሪና የፍሬን ነገርም በተመሳሳይ ሚዛን መታየት አለበት። የአሮጌዎቹ ቮልስዋገኖች የኋላ አክስል ዘንግ በካምቢዮው በኩል ባለ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ እየታጠፈ ስለሚወዛወዝ፣ መኪናው ጠመዝማዛ ላይ በፍጥነት ገብቶ ነጂው ድንገት እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲያነሳ የኋላ ጎማው ከታች በኩል ወደ ውስጥ ታጥፎ መንገዱን ሊለቅ ይችላል። ይህ ከንድፉ የመጣ ስለሆነ ነጂው ከጠመዝማዛው በፊት ፍጥነቱን መቀነስን መልመድ አለበት እንጂ ውድ የሆኑ ሞላዎች በመግዛት አይጠፋም። በአንጻሩ በአንድ በኩል የሚስብ ፍሬን፣ የሚንቀጠቀጥ መሪና የሚጮኽ ኩሽኔታ የመኪናው ተፈጥሮ አይደሉም፤ በአዲስነቱ ያልነበሩ ናቸውና በጥገና ሊጠፉ ይገባል። በእያንዳንዱ ቅሬታ ፊት ባለሙያው ማቅረብ ያለበት ጥያቄ «ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ ነበር ወይ?» የሚለው ነው፤ መልሱ ጥገናውንና ወጪውን ከምንም በላይ ይወስናል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከግዢ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊነሳ ይገባል፤ ሻጩ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ብዙ ነገር ይሰውራልና። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ያለው ግፊት ይለካል፤ በቮልስዋገን ላይ ደግሞ የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ የውስጥ ኩሽኔታዎቹ ማለቃቸውን ይናገራል። የኋላ ወንበሩ ተነሥቶ ባትሪው የተቀመጠበት ወለል ይታያል፣ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ብረቱን በልቶ ላዩ በስቱኮ የተሸፈነ ሊሆን ይችላልና። በጎማዎቹ ጎን ላይ የታተሙት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚያመለክቱ ጥርሳቸው ቢያምርም ዕድሜያቸው ይነበባል። በመጨረሻም ገዢው ራሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ዳገትም መጨናነቅም ባለበት መንገድ ሊነዳው ይገባል፤ በዚያች ሰዓት ያልተመቸው ወንበርና የከበደው መሪ ከዓመት በኋላ ይበልጥ ይከብዱታልና።

ባለሙያው ከምርመራው በኋላ ለገዢው የሚሰጠው ወረቀት ሦስት ዓምዶች ሊኖሩት ይገባል፤ በአንደኛው ከንድፉ የመጣውን፣ በሁለተኛው ዕድሜ ያመጣውን፣ በሦስተኛው እጅ ያበላሸውን ለይቶ መጻፍ የሙያው ግዴታ ነው። ገዢው የመጀመሪያውን ዓምድ አንብቦ ከዚህ ጋር መኖር እችላለሁ ካለ፣ የቀሩት ሁለቱ የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ናቸው፤ አልችልም ካለ ግን መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ሊተወው ይገባል። ጠያቂን ለማስደሰት ሲል ይህን እውነት የሚሸፍን መካኒክ ደንበኛውንም፣ መኪናውንም፣ ሙያውንም ይበድላል። ክላሲክ መኪና ለመግዛት ያሰበ አንባቢም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት እነዚህን ሦስት ዓምዶች እንዲጠይቅ፣ የመጀመሪያውን ዓምድ ከዋጋው አስቀድሞ እንዲያነብ ይመከራል።