መናገሻ ሱባ፦ ንጉሥ ያስተከለው ደን

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ የተንጣለለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፍሪካ ቀደም ብለው ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች አንዱ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል።

ዛፉ ፈላጊው ብዙ ነው። የሐበሻ ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥርም ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶም ይመረጣል፤ ዝግባ ደግሞ ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል። በዚያ ላይ የተቆረጠ ጥድ በቀላሉ አይተካም፤ ብርሃን ይወዳል። የዝግባ ችግኝ ጥላ ሲችል፣ የጥድ ችግኝ በትልልቆቹ ሥር አይጠናም፤ ገላጣ ቦታ ላይ የበቀለውንም ከብት ካገኘው ይረግጠዋል።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት ፍለጋ በመራቆቱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው። ሀገር በቀሎቹን በተመለከተ ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር።

የመናገሻ ሱባ የእግር መንገዶች ከተራራው ግርጌ ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይቀበላሉ። የጥዱ ቅርፊት በቀጫጭኑ እየተላጠ በግንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ከፍ ሲባል ኮሶ ይመጣል፤ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ሲሆኑ፣ እንደ ወይን ዘለላ የሚንዠረገገውና ቀላ የሚለው የሴቷ አበባ ነው። አያቶቻችን አድርቀው፣ ወቅጠውና በጥብጠው ለኮሶ ትል የጠጡት እሱን ነው። ከዚያም በላይ አስታ ይተካል፤ የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል።

ጉሬዛን ለማየት ቀና ማለት ያሻል።

ከዛፍ ዛፍ ሲዘል በጀርባው ላይ ያለው ነጭ ጸጉር ይርገበገባል፤ አውራ ጣት የለውም፣ ምግቡም በአብዛኛው ቅጠል ነው። የምኒልክ ድኩላ ግን ዓይን አፋር ነው። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ መልኩ ከጥላው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ቆሞ ዝም ካለ ሳያዩት ያልፉታል። ማለዳና አመሻሽ ላይ የመታየት ዕድሉ ይሻላል።

ለጉብኝት በጋው ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ይጨቀያል። ጫፍ ድረስ ለመውጣት ያሰበ በጧት ይጀምር፤ ስንቅ፣ ውኃና የብርድ ልብስም አይርሳ።