መሸልቀቅና መፈልፈል፦ የበቆሎ ግሶችን ስለ መተርጐም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። እንግሊዝኛ በቆሎን በተመለከተ ሀስክ፣ ሻክ እና ሼል የሚሉ ግሶች አሉት። ተማሪዎቻችን ሦስቱንም «መፈልፈል» እያሉ ይመልሷቸዋል።

ሀስክና ሻክ በበቆሎ ረገድ አንድ ናቸው፤ ሻክ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይዘወተራል እንጂ። ሁለቱም እሸቱን የሸፈነውን ቅጠል መግፈፍን ያመለክታሉ፤ ይህም በእኛ መሸልቀቅ ነው። ሼል ግን ፍሬውን ከቆረቆንዳው ማላቀቅ ነው፤ መፈልፈል የሚስማማው ለዚህኛው ነው። የገብሱ ልጣጭ በሙቀጫ ሲነሣ ደግሞ መፈተግ እንላለን።

ችግሩ ከቃላት ማነስ አልመጣም። ሦስቱ የእንግሊዝኛ ግሶች ስሞችም ናቸው፤ የሚሰይሙትም ሽፋኑን ነው። የአማርኛው ፈለፈለ ግን ከሽፋን ስም አልተነሣም፤ ዐይኑ ከውስጥ በሚወጣው ላይ ነው። ጫጩት ይፈለፈላል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከዐለት ተፈለፈሉ እንላለን። ሸለቀቀ በአንጻሩ የሚገፈፈውን ልባስ ያያል። ስለዚህ ተርጓሚው «ሽፋኑ ምንድን ነው?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ ይሳሳታል፤ «በእጅ የቀረውስ ምንድን ነው?» ማለት አለበት።

እዚሁ ዱከም ዙሪያ ሽምብራን ተመልከቱ። እሸቱ በእጅ ተፈልፍሎ ይበላል፤ ሲደርቅ ግን ዐውድማ ላይ ይወቃል። ተክሉ አንድ ነው፤ ግሱን የለወጠው የፍሬው መድረቅና የሥራው ስልት ነው። በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው፤ «የባሕር ማሽላ» መባሉም እንግድነቱን ይመሰክራል። ግሶቹን ያገኘው ግን ቀድመውት ከነበሩት ከነባቄላ ይመስለኛል።

አሁን አንድ የማሽን መመሪያ እንተርጉም እንበል። «ያልተፈለፈለ በቆሎ አስገቡ» ብንል አርሶ አደሩ ከነቅጠሉ ያስገባው ወይስ ሸልቅቆ? አንዳንዱ መፈልፈያ ከነቅጠሉ ይቀበላል፤ ሌላው የተሸለቀቀውን ብቻ። «ከሸለቀቃችሁ በኋላ አድርቁ» የሚለው «ከፈለፈላችሁ በኋላ» ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በቆሎው እርጥብ ሳለ ይፈለፈልና ፍሬው ይሰበራል፤ የተሰበረውን ነቀዝና ሻጋታ ቶሎ ያገኘዋል። ኪሳራው የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ጎተራው ሲከፈት ነው፤ ያን ጊዜ ተርጓሚውን የሚጠረጥር የለም።

በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ «ያልተፈለፈለ» የሚለውን ባገኘሁ ቁጥር ኅዳጉ ላይ «ቅጠሉ አለ ወይስ የለም?» ብዬ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።