ርቀቱ ወይስ መዋዠቁ? የመኪና መለዋወጫ የአቅርቦት ሰንሰለት ከጅቡቲ እስከ ደብረ ታቦር

የዓለም የመኪና ኢንዱስትሪ የአቅርቦት ሰንሰለት ሲነሣ አብዛኛው ጥናት የሚያተኩረው በመገጣጠሚያ ፋብሪካው ላይ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 በጃፓን ካሪያ ከተማ የሚገኝ የአይሲን ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ቶዮታ አንዲት አነስተኛ የፍሬን ቫልቭ በማጣቱ ምርቱን ከሞላ ጎደል ለቀናት አቋርጧል፤ በእጁ የነበረው ክምችት ለሰዓታት ብቻ የሚበቃ ነበርና። ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ የመጣው የቺፕ እጥረት በብዙ አገሮች የመገጣጠሚያ መስመሮችን ሲያስቆም የታየውም ይኸው ድክመት ነው። «በሰዓቱ ማድረስ» የሚባለው የአሠራር ስልት ክምችትን እንደ ብክነት ይቆጥራል። ዕቃው በተፈለገበት ሰዓት እንደሚደርስ እርግጠኛ መሆን እስከተቻለ ድረስ ስሌቱ ትክክል ነው።

ሰንሰለቱ ግን መኪናው ሲሸጥ አያበቃም። መኪናው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ መለዋወጫ ይፈልጋል፤ በደቡብ ጎንደር ደግሞ ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ከሚገባው አዲስ መኪና ይልቅ ብዙ ዓመት ያገለገለው አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ይበዛል። ስለዚህ የሰንሰለቱን ጤንነት እዚህ ለመለካት የሚጠቅመው የአዲስ መኪና ዋጋ ሳይሆን አንድ የፍሪሲዮን ሸራ ከታዘዘ በኋላ በስንት ጊዜ ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ችግሩ ከርቀቱ ይልቅ የማድረሻ ጊዜው መዋዠቅ ነው በማለት ነው። ልዩነቱ የቃላት አይደለም፤ ገንዘብ የት ላይ መዋል እንዳለበት ይወስናል።

በቅድሚያ ስለ ፍላጎቱ ጥቂት ማለት ይገባል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጉና ተራራ በስተምዕራብ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ተመጣጣኝ ድርሻ ያጣል። ሾፌሩ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ይወርዳል። ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ ከሜዳው አገር ቀድመው ያልቃሉ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ጣሊያንኛ ናቸው፤ ዕቃው ራሱ ግን ዛሬ የጃፓን ንድፍ፣ የቻይና ወይም የህንድ ምርት ነው። መካኒኩ የሚጠራው ስም የመጀመሪያዎቹን የጭነት መኪኖች መምጫ ይዞ ቀርቷል።)

ለአገሩ መልክዓ ምድር እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ የታሪክ ማስታወሻ ይጠቅማል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መድፉን መቅደላ ለማድረስ፣ እግረ መንገድም ጥርጊያ እየቀደዱ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። በጋፋት የነበረውን የብረት ሥራ የሚያወሳ ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ስለ ማጓጓዙ የተጻፈው ግን ያነሰ ይመስለኛል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በከፊል ያንኑ አቅጣጫ ይከተላል።

አሁን ወደ መለዋወጫው ጉዞ እንመለስ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከእስያ የመጣው ኮንቴይነር ከጅቡቲ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሄዳል፣ የጉምሩክ ሥርዓቱን ይፈጽማል፣ ከዚያ ለአዲስ አበባ አስመጪዎች ይደርሳል። ሶማሌ ተራ ላይ ተከፋፍሎ የተሸጠው ዕቃ በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ደብረ ታቦር ይገባል። ካርታውን የሚያይ ሰው ሊገረም ይችላል። በጋላፊ ገብቶ ሚሌ ላይ ወደ ወልድያ ቢታጠፍ ጉዞው እጅግ ባጠረ ነበር። ዙሩ ግን የስንፍና ውጤት አይደለም። የአንድ ዞን ነጋዴ ለብቻው ኮንቴይነር የሚሞላ ትእዛዝ የለውም። በወር አንዴ የሚፈለግ ዕቃ ደግሞ በየከተማው ከሚከማች በአንድ ማዕከል ቢቀመጥ አጠቃላይ ክምችቱ እንደሚያንስ የክምችት ንድፈ ሐሳብ ያስተምራል።

መዋዠቁ የሚያስከትለውን ወጪ ለማሳየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ቁጥሮቹ ለማብራሪያ የተወሰዱ እንጂ ከመስክ የተሰበሰቡ አይደሉም። አንድ ቸርቻሪ በሳምንት በአማካይ 2 የፍሪሲዮን ሸራ ይሸጣል እንበል፤ የሳምንታዊ ሽያጩ መደበኛ ልይይት 1 ይሁን። ዕቃው ከታዘዘ በአማካይ በ8 ሳምንት ይደርሳል፤ የማድረሻ ጊዜው መደበኛ ልይይት ግን 4 ሳምንት ነው። ይህ ነጋዴ በ95 በመቶ እርግጠኝነት «የለም» ላለማለት በተለመደው ቀመር መሠረት 14 ገደማ የመጠባበቂያ ሸራ መያዝ አለበት። አሁን አማካዩ የማድረሻ ጊዜ ወደ 4 ሳምንት ተቀነሰ፣ መዋዠቁ ግን እንዳለ ቀረ እንበል። የሚያስፈልገው መጠባበቂያ አሁንም 14 ገደማ ነው። በተቃራኒው አማካዩ 8 ሳምንት እንደሆነ ቀርቶ መደበኛ ልይይቱ ወደ 1 ሳምንት ቢወርድ 6 ሸራ ይበቃል። መንገዱን በግማሽ ማሳጠር መጠባበቂያውን ከነበረበት አላነቃነቀውም፤ ቀኑን የታወቀ ማድረግ ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰው።

የመዋዠቁ ምንጮች ብዙ ቢሆኑም ክብደታቸው እኩል አይደለም። በእኔ ግምት ቀዳሚው የውጭ ምንዛሪ ነው። ወረፋ ይዞ ኤልሲ የሚጠብቅ አስመጪ መርከቡ በስንት ቀን እንደሚደርስ ያውቃል፤ መቼ እንደሚነሣ ግን አያውቅም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት መኪናን ጨምሮ ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አግዶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረፋው ቢያጥርም ሌላ ችግር ተከተለ፦ ቸርቻሪው የሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛለትም። መደርደሪያው ላይ ያለውን ለመሸጥ የሚያመነታውም ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ባሕሩም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር የተጠለፈችው ጋላክሲ ሊደር የመኪና አጓጓዥ መርከብ ነበረች። ከእስያ ለሚመጣ ዕቃ ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ ናት፤ መርከቡ ጠባቡን መተላለፊያ ማቋረጥ አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ ታላላቆቹ የመርከብ ድርጅቶች መስመራቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ ዙሪያ ሲያዞሩ የመርሐ ግብሩ መፋለስና የመድን ዋጋው ንረት ለጅቡቲም ተረፈ። በየብስ ደግሞ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የጋሸና–ወልድያ መስመር ተቆርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭትም መንገዶችን በድንገት ይዘጋል፣ በድንገት ይከፍታል። በቀመሩ ቋንቋ ይህ የአማካዩ ሳይሆን የልይይቱ ጉዳይ ነው።

የወረታ ደረቅ ወደብ መታየት ያለበት በዚህ መነጽር ነው። ወደቡ ከደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም፤ የጉምሩክ አገልግሎቱም ነጋዴውን ከሞጆ ምልልስ ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን ርቀት ማሳጠር ብቻውን የቸርቻሪውን መደርደሪያ እንደማያቀል ከላይ ታይቷል። ወደቡ ቋሚ የመነሻ ቀን ያለው የጭነት አገልግሎት ቢኖረውና የትናንሽ ነጋዴዎችን ትእዛዝ በአንድ ኮንቴይነር የሚያሰባስብ አሠራር ቢዘረጋ ጥቅሙ ከቅርበቱ በላይ ይሆናል።

እስከዚያው መጠባበቂያው ክምችት ሌላ ቦታ ይቀመጣል። በጋራዥ አጥር ሥር የቆመው የማይንቀሳቀስ መኪና ቆሻሻ አይደለም፤ በር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚፈታበት መጋዘን ነው። ቶርኖ ያለው ባለሙያም ቡሽ ይቀርጻል፣ የተበላ ዘንግ በብየዳ ሞልቶ ያስተካክላል። ይህ ብልሃት ለባሌስትራ ዘንግ ሊሠራ ይችላል። ለፍሬን ግን አደገኛ ነው፤ ከጉና ቁልቁለት ላይ የተጫነ አይሱዙን ለሚያቆመው ሸራ የጥራት መለኪያ ቶርኖ ቤት ውስጥ የለም።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ለደጋው አገር የኤሌክትሪክ ሞተር ግልጽ ብልጫ አለው፦ የአየሩ መሳሳት ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ኃይል መልሶ ይሰበስባል፣ የፍሬን ሸራውም ይቆጠባል፤ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ደግሞ ጭራሹን የሉትም። የመለዋወጫው ዝርዝር ያጥራል፤ በዝርዝሩ የሚቀሩት ግን የባትሪ ክፍሎች፣ የኃይል መቆጣጠሪያና ሶፍትዌር ናቸው። እነዚህ በቶርኖ አይቀረጹም፤ በአጥር ሥር ቆሞ የሚፈታላቸው አሮጌ መኪናም ገና የለም።