መንታ ኳዛሮች እንዴት ይታወቃሉ?

በ1979 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ዋልሽ፣ ሮበርት ካርስዌልና ሬይ ዌይማን በአሪዞናው ኪት ፒክ ቴሌስኮፕ ሁለት ሰማያዊ ነጥቦችን መረመሩ። ነጥቦቹ የሚራራቁት 6 አርክ ሰከንድ ገደማ ነው፤ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው። የብርሃናቸው ስፔክትረም (ብርሃኑ በቀለማቱ ተዘርግቶ ሲታይ) ግን አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ነጥቦች የአንድ ኳዛር ምስሎች ነበሩ።

ኳዛር በሩቅ ጋላክሲ እምብርት ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል የሚስበው ጋዝ ግሎ ሲያበራ የምናየው ነው። በእኛና በእሱ መካከል ሌላ ጋላክሲ ከተሰለፈ፣ ስበቱ ብርሃኑን አጉብጦ በሁለት ወይም በአራት መንገድ ይልክልናል። ፍሪትዝ ዝዊኪ ጋላክሲዎች እንዲህ ያለ ሌንስ ሊሆኑ እንደሚችሉ የጻፈው በ1937 ነው።

ችግሩ መለየቱ ላይ ነው። ፈላጊዎች መጀመሪያ ቀለም ያያሉ፤ ኳዛር ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ በኢንፍራሬድም ከተራ ኮከብ ይልቅ ይደምቃል። ምስሎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 አርክ ሰከንድ ብቻ ስለሚራራቁ የምድር አየር አደብዝዞ አንድ የረዘመ ነጠብጣብ ያስመስላቸዋል። ስለዚህ የነጥቦቹን ብርሃን በስሌት ከፎቶው ላይ ይቀንሱታል። ከሥሩ ቀላ ያለ ጋላክሲ ብቅ ሲል እጩው ተስፋ አለው ማለት ነው።

አስመሳዮች ግን ብዙ ናቸው፦ ከኳዛር ጎን በአጋጣሚ የታየ የእኛው ጋላክሲ ኮከብ፣ በእርግጥም ሁለት የሆኑ ጎረቤት ኳዛሮች፣ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱባቸው ሰማያዊ ጋላክሲዎች። የጋይያ መንኮራኩር ልኬት እዚህ ላይ በጣም ይረዳል፤ ኮከብ ከዓመት ዓመት ሲንቀሳቀስ ኳዛር ባለበት ይቆያል። ኮምፒውተሮችም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ያበጥራሉ። እኔ ግን ስፔክትረም ያልተነሣለትን እጩ አላምንም። ፎቶ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።

ይህ ሁሉ ድካም ምክንያት አለው። ብርሃኑ የሚመጣባቸው መንገዶች እኩል አይደሉም። በ1979ኙ ኳዛር አንደኛው ምስል ላይ የታየ የድምቀት ለውጥ በሌላኛው ላይ የሚታየው ከ417 ቀናት ገደማ በኋላ ነው። ስዩር ሬፍስዳል በ1964 እንዳሳየው፣ ከዚህ መዘግየት ዩኒቨርስ የሚሰፋበትን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። ሳይንቲስቶች በዚህ ፍጥነት ላይ እስካሁን አልተስማሙም፤ አዳዲስ መንታዎች በጥብቅ የሚፈለጉትም ለዚህ ነው።

በቺሊ የሚገኘው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ኳዛሮችን እንደሚያገኝ ይጠበቃል። እስከዚያው ሌጋሲ ሰርቬይ የተባለው የሰማይ ቅኝት ፎቶዎች በኢንተርኔት ላይ ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው። ፊዚክስ የምትወዱ ተማሪዎች፣ ከፍታችሁ ተመልከቷቸው።