ጧት ብቻ ስለምትንቀጠቀጥ የቱርቦ መኪና

በስቶክሆልም ከሚማር አንድ ጓደኛዬ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። የጻፈልኝ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ መኪናው ነው። ባጠራቀማት ገንዘብ አንዲት አሮጌ ሳብ 900 ቱርቦ ገዝቶ ኖሮ፣ ጧት ሲያስነሣት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሚኒሞው፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ጥቂት ከተነዳች በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዳት «ቱርቦው አልቋል፤ ይለወጥ» አሉት። የጠየቁት ዋጋ መኪናዋን ከገዛበት አያንስም። የሌሊት ሥራ ስላለው ያለ መኪና መዋል አይችልም። «አንተ የቴክኖሎጂ ተማሪ አይደለህም? ልክፈል ወይስ ልተው?» ይለኛል። የመለስኩለት ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ ቱርቦውን ያለ ማስረጃ መክሰስ አይገባም። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኀይል የሚሽከረከር መዘውር ነው፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው መዘውር አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ይዘውት ወጥተዋል፤ ሳብም 99 ቱርቦን በ1977 በፍራንክፈርት ትርኢት አሳይቷል። ታዲያ በሚኒሞ ጊዜ ጭሱ ጥቂት ስለሆነ ቱርቦው የሚጨምቀው አየር የለም ማለት ይቻላል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው እንዴት በሥራ ጥፋት ይከሰሳል? ሲያረጅ ዘይት ያሳልፍና ሰማያዊ ጭስ ያሳያል፤ ጧት ብቻ ማንቀጥቀጥ ግን ጠባዩ አይደለም።

የምስጢሩ ቍልፍ «ጧት ብቻ» የሚለው ቃል ነው። ከ1984 ጀምሮ በወጣው ባለ 16 ቫልቭ ሳብ 900 ቱርቦ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በአንዲት የጋለች ቀጭን ሽቦ አጠገብ ያልፋል። ሽቦዋን አግሎ ለማቆየት ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ኮምፒዩተሩ የአየሩን ክብደት ያውቃል። (ክብደት እንጂ ይዘት ስለማትለካ፣ እንደ አዲስ አበባ አየሩ በሳሳበት ደጋም አትሳሳትም።) ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል። ሞተር ሲቀዘቅዝ ግን ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ ከፊሉ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ተጨማሪ መርጨት ግድ ነው። እንደ ጓደኛዬ መኪና የኦክስጅን መለኪያ ያላት እንደ ሆነች፣ ይህ መለኪያ በጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ የድብልቁን ስሕተት ያርማል፤ ነገር ግን 300 ዲግሪ ያህል ካልጋለ አይሠራም። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አራሚ የለም ማለት ነው። መኪናዋ ስትሞቅ ስሕተቱ ይሸፈናል እንጂ አልዳነችም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈለገው ሳይለካ የሚገባ አየር ነው። በአሮጌ መኪና የጎማ ቱቦዎች በሙቀትና በዘይት ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ። በቱርቦ መኪና ደግሞ ቱቦው ብዙ ነው። ከአየር በሯ በኋላ ያለ ስንጥቅ በሚኒሞ ጊዜ አየር ይስባል፤ ድብልቁም ይሳሳል። ያው ስንጥቅ መኪናዋ ሽቅብ ስትወጣና ቱርቦው ሲሠራ የተጨመቀውን አየር ወደ ውጭ ይተፋል፤ ቤንዚኑ ስለሚበዛም ጕልበቷ ይቀንሳል፣ ጥቁር ጭስም ይታያል። ጓደኛዬን «ሽቅብ ስትወጣ ትሰንፋለች ወይ?» ብዬ የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ለመፈለግ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በየመጋጠሚያው ጥቂት ውሃ መርጨት ነው፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ ከቱርቦ አጠገብ እንዲህ ማድረግ መኪናውንም ራስንም ማቃጠል ነው።

ቱቦው ደኅና ከሆነ የውሃውን ሙቀት ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው መለኪያ ይመርመር። በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ያህል ሊያሳይ ይገባል። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሞተር ጥቂት መቶ ኦም ቢያሳይ፣ መለኪያው «ሞቄአለሁ» እያለ ይዋሻል፤ ኮምፒዩተሩም አምኖት ቤንዚኑን ይከለክላል። የሚኒሞው የአየር ቫልቭም በዘይት ጥላሸት ይያዛል፤ አጥቦ ማየት ዋጋው ጥቂት ነው። ካንዴላ ማየትማ ለማንም አይነገርም።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራል። ውሃው ያለ ምክንያት እየጐደለ፣ ጧት ነጭ ጭስ እየበዛ አንዱ ሲሊንደር የሚዘልል ከሆነ፣ ሌሊት ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መንዳቱን ትቶ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ማስመርመር ነው።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። «ሽቅብማ ትሰንፋለች» ይላል። ስንጥቁ የተገኘው ከአየር በሯ ሥር በተደበቀች፣ ከጣት በማትወፍር ቱቦ ላይ ነው። ለቱርቦው ያሰበው ገንዘብ በኪሱ አለ፤ ሆኖም ሦስተኛ ደብዳቤ ደግሞ ጽፏል፤ አሁን የሚጮኸው ካምቢዮው ነው።